ለምንጩ ጉባኤ ሰው የላክሁ ዕለት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። ሚስቴ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ሊሞላ ነበር። ልጅ አልነበረንም። ቤቴ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። በቤቱ ያለነው ሁለት በሬዎች፣ አንዲት ላምና እኔ ነበርን። ላሟም ጥጃዋ ሞቶባት አልታለብም ብላ ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ከአንድ መሪጌታ ደጅ ነው። ዳዊት ሳልዘልቅ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ቀረሁ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢጎረብጥ እጄ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። የምጽፈውም ሰዎች ስለሚስቁብኝ ነው። ዛሬ በየስብሰባው «እገሌን ወክዬ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ይበዛል። እኔ ያንን በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ «ራሱ ለምን አልመጣም?» እላለሁ። «ሽማግሌው ጀመረው» ይሉና ይስቃሉ። ለምን እንደምል ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከመንደራችን በታች አንድ ምንጭ አለ። ድሮ ሰውም ከብቱም ከአንድ አፍ ነበር የሚጠጣው። ሕፃናት በተቅማጥ አለቁና ከደብረ ታቦር የጤና ሰው መጣ፤ ኮት የለበሰ፣ ጉንፋን የማይለቀው ቀጭን ሰው። ምንጩ በድንጋይ ይታጠር፣ ለሰው ለብቻ፣ ለከብት ለብቻ ይሁን፣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ይቁም አለ። ኮሚቴ የሚሉትን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ቄሰ ገበዙ «በጦም ይበላል?» ብለው ጠየቁና ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሰውየውም አልተቆጣ። የየማኅበሩ አለቆች ተቀምጠው ሥራውን የሚጠብቁበት ነው ብሎ አስረዳን። አራት ሰው ሆንን። አንዱ የአገሩን መሬትና ግብር የሚያዩት ጭቃ ሹሙ ናቸው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ። ሦስተኛው ሼሁ፣ በገበያው ዳር የሚኖሩት የሙስሊም ነጋዴዎች ሽማግሌ። አራተኛው እኔ፣ የሰንበቴው ሙሴ። ሰንበቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራ ጠላና ዳቦ እያመጣን የምንቀመጥበት ማኅበር ነው፤ አለቃውን ሙሴ እንለዋለን። እኔን የሾሙኝ ሚስቴ በሕይወት ሳለች ነው። ጠላዋ ጥሩ ስለነበረ ነው እንጂ እኔማ ለሹመት የሚሆን አፍ የለኝም።

የጤናው ሰው ወረቀት ጻፈ። ያለ አራታችን የጣት ፊርማ በምንጩ ላይ ምንም እንዳይለወጥ የሚል ነው። ሼሁ ሙግት የሚያውቁ ሰው ነበሩና አንድ ነገር አስጨመሩ። አለቃ ራሱ ይምጣ፤ ሰው የሚልከው ቢታመም፣ ለቅሶ ቢቀመጥ፣ ወይም የዳኛ ቀጠሮ ቢይዘው ብቻ ነው፤ ያለዚያ የላከ እንደሆነ ግን የተላከው እንዳልመጣ ይቆጠር አሉ። ሁላችንም ወደድነውና ተጻፈ።

ያልተጻፈ ነገርም ነበረ። ለከብቱ ገንዳ የሚሆነው ቦታ የአንዲት መነኩሲት ርስት ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማሆይ ናቸው። ያችን ቁራሽ መሬት እንዲሰጡን ልንለምን አራታችንም ሄድን። መሬቱን ውሰዱ፣ ከገንዳው ተርፎ የሚፈሰው ውሃ ግን ወደ ጌሾዬ ይውረድልኝ አሉን። በጓሯቸው ወደ ሠላሳ እግር ጌሾ ነበራቸው። ቅጠሉን እያደረቁ አርብ አርብ ገበያ ያወጡታል፤ የሚኖሩት በዚያ ነው። ቄሰ ገበዙ ይህም ይጻፍልዎ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

«ወረቀት አይጥ ይበላዋል። እናንተ አራት ናችሁ፤ አራት ሰው በአንድ ቀን አይሞትም» አሉ።

አራታችንም በየተራ እጃቸውን ይዘን «ይሁን» አልን። ጭቃ ሹሙም ብለዋል፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

በዓመቱ ሚስቴ ሞተች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ሰዉ ክፉ አልነበረም። ችግሩ ባገኘኝ ቁጥር ፊቱን አክፍቶ «እንዴት ነህ?» የሚለኝ ነገር ነው። እኔም ሰው ያለበትን መንገድ እየተውሁ በማሳ በማሳው መሄድ ለመድሁ። ከሰንበቴ የማልቀረው ሙሴ ስለሆንሁ ብቻ ነበር። ማታ ማታ በሬዎቼን ሳጠጣ ግን ከእማሆይ አጥር ሥር እቆም ነበር። ስለ ጌሾው ይነግሩኛል፤ የጎረቤት ፍየል ገብታ እንደበላችባቸው ይነግሩኛል፤ ፍየሏን እንደ ሰው በስሟ እየጠሩ ይራገሟታል። ስለ ሚስቴ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የምሄደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት በጥር ወር ጭቃ ሹሙ ሐሙስ ጠዋት ከምንጩ ራስ እንገናኝ ብለው ላኩ። ቀኑን ሆን ብለው መርጠውት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቄሰ ገበዙ የእኅታቸው ባል ሞቶ እስቴ ለለቅሶ ሄደዋል። ሼሁ ነፋስ መውጫ የዳኛ ቀጠሮ ነበራቸው። እኔ ምንም አልነበረኝም። ገብሱን ወቅቼ ጭዱን ከምሬ ጨርሻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ተነሥቼ ከደጄ ቆምሁና የሚሰበሰበውን ሰው ባስበው፣ ፊታቸውን ሲያከፉልኝ ታየኝ። ተመልሼ ገባሁ። ጎረቤቴን ጠራሁት፤ በሰንበቴው ጠላ የሚያሳልፈው እሱ ነው። አሞኛል፣ በእኔ ፋንታ ሂድልኝ አልሁት። ደግ ሰው ነው፤ ምን እንደሚባልና ምን እንደሚመልስ እንኳ ሳይጠይቀኝ ሄደ። እኔም አልነገርሁት።

ያን ዕለት ከቤት ዋልሁ። የጉባኤው ድምፅ ከታች እየመጣ ይሰማኛል፤ ማን እንደሚናገር ግን አይለይም።

ጎረቤቴ ሲመለስ ነገር ሁሉ በደህና አለቀ አለኝ። ሹሙ ከምንጩ በስተግራ ባሕር ዛፍ ተክለዋል፤ ችግኙ በበጋው እንዳይደርቅ ከገንዳው የሚተርፈው ውሃ ወደዚያ ይሂድ ብለዋል፤ ትርፍ ውሃ የማንም አይደለምና ተስማማን፤ ጣታችንን አኖርን አለኝ። የእማሆይን ነገር ማንም አላነሣም ወይ አልሁት። የምን የእማሆይ ነገር? አለ። እውነቱን ነው፤ ቃል ስንሰጥ እሱ የት ነበረና!

ለመሆኑ ለምን ተስማማህ አልሁት።

«የቄሰ ገበዙ ወንድም እሺ አለ። የሼሁ አማች እሺ አለ። እኔ ብቻዬን እምቢ ብል ያንተን ስም ከሹም ጋር ማጣላት መሰለኝ» አለኝ።

ኋላ ስጠይቅ ሁለቱም እንዲሁ ነበር ያሉት። ሦስቱም እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፣ እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቀው ነገር አለ ብሎ እሺ አለ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር መጣብኝ። ጎረቤቴ ታሟል ብሎ አውርቶ ኖሮ የሰንበቴው ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ጋቢዬን ተከናንቤ መደቡ ላይ ተጋደምሁ። የአንዱ ሚስት አጥሚት በቅል ይዛ መጣች፤ ሌላው እንጨት ፈልጦ እሳት አነደደልኝ። ከሚስቴ ተዝካር ወዲህ ያ ቤት ሰው ሞልቶበት አያውቅም። ስለ ሠርግ፣ ስለ በሬ፣ ስለ አንድ ከአህያ ስለወደቀ ሰው አወሩ። እኔም ከጋቢው ሥር ሆኜ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ጊዜ አስመስዬ አሳልሁ፤ ትንሽ ቆዩልኝ።

ሳምንት አለፈ፤ ቦዩ ወደ ባሕር ዛፉ ዞረ። በሬዎቼን በሌላ ወንዝ አጠጣ ጀመር። በየካቲት መጀመሪያ እማሆይ ራሳቸው መጡ። ወደ ቤቴ መጥተው አያውቁም ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከደጁ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ጌሾው ቅጠሉን መጣል ጀምሯል፣ ውሃ እንዳልሸከም ጉልበቴ እምቢ አለኝ አሉ። እንዲህ ከሆነ ስማዳ ወርጄ ከልጄ ቤት እገባለሁ አሉኝ። ልጃቸው ደህና ናት፤ ባሏ ግን በሚበላ ነገር ዓይኑ የጠበበ ሰው እንደሆነ ከዚያ በፊት ነግረውኛል።

«እንግዲህ አማቼ እንጀራ ሲቆርስልኝ እጁን እያየሁ ልኑር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተስ አሞህ ነበር አሉ። ተሻለህ?»

«ተሻለኝ» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሄዱ። ከልባቸው ነበር ያሉት።

በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄድሁ። ቃሉን አልረሱትም፤ አዘኑ። ግን ለቅሶ ላይ ሆኜ ወንድሜን ላክሁ፣ እሱ እሺ ያለውን እኔ እምቢ ብል ከእንግዲህ ማን የሰው ቃል ያምናል? አሉ። ወደ ሼሁ ሄድሁ። የጨው አሞሌ እያስጫኑ አገኘኋቸው። እሳቸውስ ተናደዋል።

«ለአማቼ የሰጠሁት ጆሮ ነው፤ አፍ አልሰጠሁትም። ሰምተህ ና ነው ያልሁት። እሱ ጣቱን ይዞ ሄደ።»

እንግዲያው ይፍረስ እንበል ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንቡን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ቀጠሮ ነበረኝ፣ ቄሱ ለቅሶ ነበራቸው፣ የሁለታችን መላክ ደንብ የያዘ ነው አሉ። ከዚያ ጨዋቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ያን ዕለት ምንህን ነበር ያመመህ?»

«ራሴን።»

«የራስ ምታት ደጉ ነገር ምስክር የለውም» አሉና ወደ አህያቸው ተመለሱ።

ገባኝ። የእኔ መላክ ሐሰት ከሆነ ጎረቤቴ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ሦስት ጣት ደግሞ አይበቃም። ውሃውም ይመለሳል። ግን ሙሴ ዋሸ ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የሰንበቴው ጽዋ በሙሴው እጅ ነው የሚዞረው። ደግሞስ አጥሚቱ? እንጨት የፈለጠልኝ ሰውስ? ሦስት ቀን ሙሉ ከበሬዎቼ በቀር ማንንም ሳላናግር ሰነበትሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራታችን፣ የተላኩትም ሦስቱ፣ ሰንበቴውም ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ያስጠራሁት እኔ ነኝ። እማሆይ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብለው ቆመዋል። የቃሉን ነገር አነሣሁ። ቄሰ ገበዙና ሼሁ እውነት ነው፣ ሰጥተናል አሉ። ጭቃ ሹሙ አላስታውስም አሉ። ምናልባትም እውነታቸውን ይሆናል፤ ሹም በዓመት ስንት «ይሁን» ይላል? ቢሆንም ኋላ የታተመ ጣት የፊቱን ቃል ይሽረዋል አሉ።

ያኔ ነው ሰው መላክ ራሱ ነውር ነው ብዬ የተናገርሁት። ሹሙ ሳቁብኝ። ክርክራቸው ውሸት አልነበረም። እኔ ሁሉ ቦታ ራሴ ልገኝ ብል ግብሩን ማን ይሰበስባል? ቄሱስ ቅዳሴ ትተው ገንዳ ይጠብቁ ነው? አለቃ ቢታመም ምንጩ አብሮ ይድረቅ? አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀላቸው።

«ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ በየጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ይልካሉ። አንተ ከንጉሥ ትበልጣለህ?»

«አልበልጥም ጌታዬ። ንጉሥ የሚልኩት ሥራ እንዲሠራላቸው ነው። እኛ የተቀመጥነው ልንጠብቅ ነው። የሚጠበቀውን የምናውቅ እኛ ነን፤ የላክነው ሰው ምኑን ይጠብቃል?»

«እሱን ካወቅህ አንተ ራስህ ለምን ላክህ?»

ይህን ሲሉ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሼሁ መሬት መሬት ያያሉ። ቀና ስል እማሆይን አየኋቸው። አሞኝ እንደነበረ ያመኑ እሳቸው ናቸው። ልክ እንደሌላው ሰው እየጠበቁ ነው።

«አላመመኝም ነበር» አልሁ።

አልሰሙኝም መሰለኝ። ደገምሁት። አላመመኝም፣ ለቅሶም ቀጠሮም አልነበረኝም፣ ሰው ማየት ስላልፈለግሁ ነው፤ ከቤቴ ተቀምጬ ነበር አልሁ።

አንዱ ከኋላ፣ «ሚስቴ ያመጣችልህን አጥሚትስ?» አለ።

«ጠጣሁት።»

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ቶሎ ግን ጠፋ። ጎረቤቴ አንገቱን ደፋ። ሳላውቀው ያሳፈርሁት እሱን ነው፤ ታሟል ብሎ በየደጁ የተናገረ እሱ ነውና።

ሼሁ ወረቀቱን አስነበቡ። ደንቡ ከተነበበ በኋላ ክርክሩ አበቃ፤ የጎረቤቴ ጣት እንዳልታተመ ተቆጠረ፣ ውሃው ወደ ፊቱ ቦይ ይመለስ ተባለ። ጭቃ ሹሙ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። ሌላ ቀን አራታችን ብቻ ስንገናኝ እንደገና እናየዋለን አሉ። ክፉ አልተናገሩም። እማሆይም መቋሚያቸውን አንሥተው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ወረዱ። ወደ እኔ አላዩም።

ሼሁ ከሄዱ በኋላ ሰንበቴው እንደተቀመጠ የእኔን ነገር አየ። ብዙም አልፈጀ። የዋሸ ሙሴ ጽዋ አይዝም ተባለ፤ ሙሴነቱን ጎረቤቴ ይያዘው አሉ። አልፈልግም ብሎ ቢለምን አልሰሙትም። ለእኔም አንድ ጋን ጠላ ተፈረደብኝ፣ ለሚመጣው ተራ እንዳመጣ። ማን እንደሚጠምቅልኝ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ፍርዱ ትክክል ነው።

ወደ ቤቴ ስሄድ በማሳው በኩል አልዞርሁም፤ በሰፊው መንገድ ሄድሁ። እንዴት ነህ የሚለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርሁትን ነገር ያን ዕለት ፈለግሁት። ያን ምሽት እሳት አላነደድሁም።

በማግስቱ ሰኞ፣ ጭጋጉ ገና ከገደሉ ሳይነሣ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ በሬዎቹን እየጠመደ ነበር። አጥሩን ተደግፎ፣ ቦዩን ለመመለስ ከሆነ ተወው፣ እርሻዬን ልጨርስና ሰው እልካለሁ አለኝ።

«ሙሴው አንተ ነህ። ራስህ ና» አልሁት።

እስኪ አያለሁ አለ። አልመጣም፤ እኔም ቆሜ አልጠበቅሁትም። ወደ ባሕር ዛፉ የሚሄደውን ቦይ በድንጋይና በጭቃ ደፈንሁ። የፊተኛውን ስከፍት አፈሩ ደርቆ ዶማው ይነጥር ነበር። ውሃው ወዲያው አልወረደም። የተሰነጠቀው መሬት ይጠጣዋል፣ አንድ ክንድ ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። እኔም ቅጠሉንና ገለባውን እየጠረግሁለት አብሬው ወረድሁ። የእማሆይ በር ተዘግቷል፤ ኪዳን ለማድረስ ሄደዋል። ጌሾውን ስቆጥር አሥራ አንዱ ደርቋል፣ የቀረው ጫፉ ለምለም ነው። በየእግሩ ዙሪያ አፈሩን ኮትኩቼ ጎድጓዳ አበጀሁለት፤ ውሃው ከመጨረሻው ሥር እስኪደርስ እዚያው ቆሜ ቆየሁ።